ለሰኪና ያልተነገረው፣ ለሲስተር ጥሩብርሃን የተነገረው

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ በዚህ ዝናብ ከታኮማ፣ ከኤቨረትና ከማውንትሌክ ቴራስ ድረስ መጥታችሁ ሲስተር ጥሩብርሃን ተክለ ጻድቅን ለመሸኘት የቆማችሁ ሁሉ፣ ድካማችሁን እግዚአብሔር ይቁጠርላችሁ።

ይህን ጽሑፍ የማነበው እኔ መልከጸዴቅ ነኝ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ ስለሆነ፣ ቀንና ዓመተ ምሕረት እንዳላሳስትም ስለ ሰጋሁ፣ ሦስት ጊዜ ገልብጬ ጽፌዋለሁ፤ ስህተት ቢገኝበት የእኔ እንጂ የሟቿ አይደለም። እንድጽፈው ያዘዙኝ ራሳቸው ሲስተር ጥሩብርሃን ናቸው። ሲያዙኝም ሁለት ነገር ሳይቀር እንዲገባበት ቃል አስገብተውኛል። አንደኛው ሰኪና የምትባል የአንዲት ሴት ስም ነው። ሁለተኛውን ከመጨረሻው ላይ ታገኙታላችሁ፤ ወደ መጨረሻ የገፋሁት ለማንበብ ስለሚከብደኝ ነው።

ሲስተር ጥሩብርሃን ከአባታቸው ከአቶ ተክለ ጻድቅ ወልደ ሰማያትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባየሽ ደምሴ፣ በሸዋ ክፍለ ሀገር በደብረ ሲና ከተማ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1935 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበሩ ፊደልን ከእሳቸው ጉልበት ሥር ተቀምጠው የለዩ ሲሆን፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ፣ ቀጣዩን በደብረ ብርሃን ከተከታተሉ በኋላ፣ አዲስ አበባ በነርስነት ሙያ ሠልጥነው በ1955 ዓ.ም. ተመረቁ። በዚያው ዓመትም በሐረርጌ ክፍለ ሀገር ወደ አሰበ ተፈሪ ተመድበው ሄዱና አሥራ ስምንት ዓመት እዚያው አገለገሉ።

በዚያ ዘመን ሥራው እንዴት ይሠራ እንደነበር እሳቸው ራሳቸው ብዙ ጊዜ ነግረውኛል። በሽተኛው ከገጠር በቃሬዛ ወይም በእግሩ ይመጣል፤ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው፤ ነርሷ የምትሰማው አማርኛ ነው። ስለዚህ የግቢው ዘበኛ ዱላውን በር ላይ አስደግፎ ይገባና በሽተኛው ረጅም የተናገረውን በሁለት ቃል አሳጥሮ፣ "ሆዱን ነው" ወይም "ራሱን ነው" ብሎ ይመልሳል። ሲስተር ጥሩብርሃን በአሥራ ስምንት ዓመት ያወቁት የኦሮምኛ ቃል ሦስት ብቻ ነበር፤ እነሱም ና፣ ተቀመጥ፣ አፍህን ክፈት ናቸው። "ከትእዛዝ በቀር አንድ ቃል አልነበረኝም፤ እንደምን አደርክ እንኳ ማለት አላውቅም ነበር" ይሉ ነበር። ይህን የሚሉት ለጨዋታ አልነበረም።

በ1960 ዓ.ም. በዚያው ከተማ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ከነበሩት ከአቶ መሳፍንት ይርዳው ጋር በሕግ ተጋብተው ሠርካለምንና አክሊሉን ወለዱ። አቶ መሳፍንት በ1970 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከክፍል ሲወጡ ተይዘው ታሰሩ። ሲስተር ጥሩብርሃን በየቀኑ ስንቅ እየቋጠሩ ወደ እስር ቤቱ ያመላልሱ ነበር፤ ጠባቂዎቹ ይቀበሏቸዋል፣ ማታ ባዶው ሳህን ይመለሳል። ይህን ስምንት ወር አደረጉ። በስምንተኛው ወር አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ ጎረቤትና ዘመድ ነጠላውን አዘቅዝቆ በራቸውን አንኳኳ። አቶ መሳፍንት የተገደሉት በታሰሩ በሁለተኛው ሳምንት ነበር። የመጣው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ወንድማቸውም ያውቁ ነበር፤ ትንሽ ይረጋጉ፣ ልጆቹ ትንሽ ይደጉ፣ ፋሲካው ይለፍ እየተባለ ነው የቆየው። ሲስተር ጥሩብርሃን ስለዚያ ጎህ ሲያነሡ ስለ ገዳዮቹ የሚናገሩት ጥቂት ነበር። የሚናገሩት ስለ ሳህኑ ነበር።

በ1973 ዓ.ም. ሁለቱን ልጆቻቸውን ይዘው በባቡር እስከ ድንበር፣ ከዚያም በእግር ወደ ጂቡቲ ተሻገሩ። ሁለት ዓመት በስደተኞች ጣቢያ ከቆዩ በኋላ በጥር ወር ሲያትል ገቡ። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የገቡት በ1983 መሆኑ ነው። የነርስነት ወረቀታቸው አገር ቤት ስለቀረ ሙያቸው አልታወቀላቸውም፤ ሰባት ዓመት በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌ ሲያነሡና ሲያስተኙ ቆይተው፣ በ1990 በደቡብ ሲያትል በሚገኝ ለድሆች በተቋቋመ ክሊኒክ በረዳትነት ተቀጠሩ። ማዕረጉን አሜሪካ ቢነሣቸውም እኛ ሲስተር ማለትን አልተውንም።

ከኬንያና ከሶማሊያ መጠለያ ጣቢያዎች የሐረርጌ ኦሮሞዎች በብዛት ወደ ከተማችን መምጣት የጀመሩት በዚሁ ጊዜ ነበር። እኔ ድሬዳዋና ሚኤሶ በምድር ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪነት ስሠራ ኦሮምኛ ለምጄ ስለነበረ፣ ክሊኒኩ በ1992 በአስተርጓሚነት ወሰደኝ። ሲስተር ጥሩብርሃን በመጀመሪያው ቀን አይተውኝ፣ "ዘበኛዬ እዚህም ተከትሎኝ መጣ" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እንግዲህ ወደ ሰኪና መጥቻለሁ።

በ1994 በመስከረም ወር፣ ሰኪና የምትባል የሠላሳ አራት ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ መጣች። ባሏ ሊበን አላስካ ባሕር ላይ ዓሣ በሚያዘጋጅ መርከብ ተቀጥሮ ለአራት ወር ሄዶ ነበር። ውጤቱ በተነገረበት ቀን ክፍሉ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን፤ ሐኪሟ፣ ሲስተር ጥሩብርሃን፣ ሰኪናና እኔ። ሐኪሟ በእንግሊዝኛ የተናገሩት ግልጽ ነበር፤ ነቀርሳ ነው፣ ገና አልተሰራጨም፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት የመዳን ተስፋዋ ትልቅ ነው አሉ። ይህን ለሰኪና በቋንቋዋ መንገር የእኔ ሥራ ነበር።

አልነገርኳትም። እኔ ባደግሁበት ቤት ክፉ ወሬ ባል በሌለበት፣ ሽማግሌ ሳይሰበሰብ፣ ብቻዋን ለተቀመጠች ሴት አይነገርም፤ የሚነግር ሰው እንደ ጨካኝ ይቆጠራል። ስለዚህ ሊበን እስኪመለስ ልቆይ ብዬ፣ "ቀላል እብጠት ነው፤ ትልቁ ሆስፒታል ሄደሽ ይጸዳልሻል፤ ባልሽ ሲመጣ ደግሞ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን" አልኳት። ሰኪና ሳቀች። "እኔ ደግሞ ክፉ ነገር መስሎኝ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም" ብላ እጄን ሳመችኝ። ሐኪሟ፣ "ምን አለች?" ብለው ሲጠይቁኝ፣ "የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን አለች" ብዬ መለስኩ። ሐኪሟ በጥንካሬዋ ተደነቁ። ሲስተር ጥሩብርሃንም ሴትዮዋ ስትስቅ አይተው አብረው ሳቁ፣ ትከሻዋንም መታ መታ አደረጉ።

ሰኪና ወደ ሆስፒታሉ አልሄደችም። ለጽዳት ምን ያስቸኩላል፣ ልጆቹን የሚይዝልኝ ሰው የለም፣ ሊበን ይምጣና ብላ ተወችው። ከሆስፒታሉ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ደብዳቤዎች ይመጡ ነበር፤ ሳይከፈቱ ፍሪጁ ላይ ተደረደሩ። ክሊኒካችን ሆስፒታሉ ያከማት መሰለው፤ እኔም ሄዳለች ብዬ አመንኩና አልጠየቅሁም። በጥር 1995 ሊበን ተመልሶ ክንዷ አብጦ ወገቧ ሲያማት ሲያገኛት፣ በዚያው ቀን ተሸክሟት መጣ። ነቀርሳው አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ነበር። በሰኔ ወር አረፈች።

ሲስተር ጥሩብርሃን ሰኪና ያኔ ሆስፒታል እንዳልሄደች ባወቁበት ቀን አልጮሁብኝም። መድኃኒት ወደሚቀመጥበት ክፍል ጠርተው በሩን ዘጉና፣ "ጋሼ መልከጸዴቅ፣ ያን ቀን ምን ነበር ያሏት?" ብለው ጠየቁኝ። ቃል በቃል ነገርኳቸው። ከዚያ፣ "እኔ እኮ እዚያው ቆሜ ነበር። እሷ ስትስቅ አብሬ ሳቅሁ" አሉ። ቀጥለውም፣ "አሰበ ተፈሪስ? እዚያ ስንቱ ነው እንዲህ ስቆ የሄደው?" አሉኝ።

በማግስቱ ይዘውኝ ወደ ሊበን ቤት ሄዱ። እሳቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ እንጂ ስለ እኔ አልተናገሩልኝም። ያደረግሁትን ራሴ ነገርኩት። ሊበን ቁጭ ብሎ ሰማኝና፣ "እኔ ባሕር ላይ ነበርኩ። እናንተ ግን እዚህ ነበራችሁ" አለ። ሊበን ዛሬ በመካከላችን፣ ከኋላ ቆሟል፤ ስለ መጣህ እግዚአብሔር ይስጥህ።

ሰኪና በተቀበረች ሳምንት ሲስተር ጥሩብርሃን የተማሪ ደብተር ገዝተው፣ "ያስተምሩኝ" አሉኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ከሥራ ስንወጣ በሰባት ቁጥር አውቶቡስ፣ ቅዳሜ ደግሞ ላውንድሪ ቤት ልብሱ እስኪደርቅ እንማር ነበር። ደብተሩን በአማርኛ ፊደል ነበር የሚጽፉት። እኔ ከሰላምታ ልጀምርላቸው ስል ከለከሉኝና በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አስጻፉኝ፤ "በሽታው ከባድ ነው፤ ግን ጊዜ አለን፤ ጠይቂኝ።" ልጃቸው አክሊሉ በዚያ ሰሞን፣ "ማሚ፣ ኮምፒውተር ክላስ ብትወስጂ አይሻልም? ሁ ስፒክስ ኢት ኤኒዌይ?" ቢላቸው፣ "ደማቸውን የምቀዳቸው ሰዎች" ብለው መለሱለት።

የእኔ ኦሮምኛ ግን የትኬትና የጭነት ኦሮምኛ ስለነበር ብዙም ሳይቆይ አለቀ። ጉበትን፣ ቆሽትን፣ ማሕፀንን ምን እንደሚሉ አላውቅም ነበር። በዚህ ጊዜ የረዷቸው ኦቦ ኑሩ የተባሉ የሰባ ዓመት አዛውንት ናቸው። ኦቦ ኑሩ ለስኳር ክትትል ሲመጡ የገዛ ሆዳቸውን እየጠቆሙ ያስተምሯቸው ነበር፤ ሲስተር ሲሳሳቱም መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ያስቁባቸው ነበር። አንድ ቀን ትክ ብለው አይተዋቸው፣ "አንቺን አውቅሻለሁ። አሰበ ተፈሪ አፍህን ክፈት ብለሽ ጥርሴን ያየሽው አንቺ ነሽ። ጥርሴን ግን አልነበረም ያመመኝ" አሏቸው። ሰዉ ሳቀ። ሲስተር ጥሩብርሃን አልሳቁም፤ "ታዲያ ምንዎን ነበር ያመመዎት?" ብለው በኦሮምኛ ጠየቋቸው። ኦቦ ኑሩ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጆሯቸውን እንደነበር ነገሯቸው። በዚያ ጆሮ መስማት ካቆሙ ቆይተው ነበር።

ሦስት ዓመት ተማሩ። እኔን ሳይጠሩ በሽተኛ ማነጋገር የጀመሩት በ1997 ነው። በሚቀጥለው ዓመት ግን የመጀመሪያው ክፉ ቃል ከሰው ሁሉ በኦቦ ኑሩ ላይ ወደቀ። ሳንባቸው ውስጥ ነቀርሳ ተገኘ። ልጆቻቸው ኮሪደሩ ላይ ተሰልፈው እንዳይነገራቸው ለመኑ፤ አንዱም "አባቴን በቃል ትገድይዋለሽ" አላቸው። ኦቦ ኑሩ ግን ከውስጥ ሆነው "ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ፤ ሐኪሟም በእንግሊዝኛ ተናገሩ፤ ሲስተር ጥሩብርሃን ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡና ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነገሯቸው። ኦቦ ኑሩ በሦስተኛው ወር ሞቱ። እንዳይሞቱ ያደረገ ነገር የለም፤ ይህን ደብቄ የተሻለ ታሪክ ላስመስለው አልፈልግም። ቤተሰቡ ለቅሶ ስትመጣ አናስገባትም አለ፤ በጣም ብዙ ሰውም ለወራት ከክሊኒኩ ራቀ። ሲስተር ጥሩብርሃን ወደ ለቅሶው ቤት ሄደው ከበር ተመለሱ። በማግስቱም ሄዱ፣ ከበር ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን የኦቦ ኑሩ ባለቤት ወጥተው፣ "ኑዛዜውን በአፉ የተናገረው ስላወቀ ነው፤ ግቢ" ብለው አስገቧቸው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሲስተር ጥሩብርሃን ራሳቸው ምግብ አልስማማ ብሏቸው መክሳት ጀመሩ። በጥር 1999 ሆዳቸው ተከፈተ። ሐኪሙ ገና ሰመመኑ ሳይለቃቸው ወደ መጠበቂያው ወጥቶ ለሠርካለም፣ ለአክሊሉና ለእኔ የነገረን እንዲህ የሚል ነው፤ ከቆሽታቸው የተነሣ ነቀርሳ ጉበታቸውን ይዟል፣ የሚወጣ ስላልሆነ ዘግተን ተመልሰናል። ሠርካለም እንባዋን እየጠረገች፣ በእኛ ዘንድ የሚናገረው ቤተሰብ ነውና ለእኛ ተዉልን ብላ ለመነችው፤ እሱም ተዋት። በዚያ ሳምንት ቤታቸው ተሰብስበን፣ እስከ ፋሲካ እንዳይነገራቸው ተወሰነ። አክሊሉ ብቻ "ማሚ ነርስ ናት፤ ዲስ ኢዝ ኖት ፌር" ብሎ ወጥቶ ሄደ። እኔም በዕድሜ ትልቁ ሰው ነበርኩ። ተስማማሁ። ሁለተኛ ጊዜ ተስማማሁ።

እንግዲህ ሁለተኛው ነገር ይህ ነው። በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ልጠይቃቸው ሄጄ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ሠርካለም እዚያው ክፍል ውስጥ ልብስ ታጥፋለች። ሲስተር ጥሩብርሃን ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ ልጃቸው በማትሰማው በኦሮምኛ፣ ሐኪሙ ሲወጣ ምን እንዳለን ጠየቁኝ።

ሠርካለም ቀና ብላ፣ "ምን አለች?" አለችኝ። "የሊበንን ልጆች ጤንነት ነው የጠየቁኝ" አልኳት። ሠርካለም ልጄ፣ ይህ ውሸት ነበር። ከዚያ ወደ እናትሽ ተመለስኩና፣ ኦቦ ኑሩ ሆዳቸውን እየጠቆሙ ባስተማሩን ቃላት፣ ነቀርሳ ነው፣ ቆሽትዎ ላይ ነው፣ ጉበትዎን ይዟል፣ ዘግተው ተመልሰዋል፣ ጊዜው አጭር ነው ብዬ ነገርኳቸው።

ሲስተር ጥሩብርሃን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት፣ "ለሰኪና እንዲህ ነበር የሚባለው። አዩ፣ ይቻላል እኮ" አሉኝ።

ሐኪሙን ለምን እንዳልጠየቁት ስጠይቃቸው፣ ሐኪሙማ ያለ ምንም ችግር ይናገረዋል፣ እኔ የፈለግሁት ከእርስዎ እንድሰማው ነው አሉ። ማወቃቸውን ለልጆቹ እንድነግር ስለምናቸው ግን እምቢ አሉኝ። "ሠርካለም እኔን ከዚህ ወሬ መጠበቅ ከጀመረች ወዲህ ትንሽ እንቅልፍ ይወስዳታል። የምታደርግልኝ ሌላ ነገር የላትም፤ ይህን አይንሷት። ስሞት ግን እንደ መሳፍንት ሳህን ባዶውን አትመልሱልኝ፤ እንዳወቅሁ በሰው ፊት አንብቡት" አሉኝ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ሳምንታት ፎቶግራፎቹን በየስማቸው መለየታቸው፣ ሊበንን ጠርተው ያን ደብተር ለክሊኒኩ አዲስ ረዳት እንዲያደርስ መስጠታቸው፣ አክሊሉን በየምሽቱ አጠገባቸው አስቀምጠው የአባቱን ነገር መንገራቸው እየተሻላቸው ስለመሰላቸው አልነበረም። አውቀው ነበር።

በአገራችን አቆጣጠር መጋቢት 18 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በቤታቸው፣ በተወለዱ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህን ሁሉ ለሠርካለም ሳልነግር ከሕዝብ ፊት እንዳልቆም ብዬ ዛሬ ጠዋት ፓርኪንጉ ውስጥ ወረቀቱን ሰጠኋት። መኪናዋን ዘግታ ለብቻዋ አነበበችው። ስትወጣ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ሳጫውታት፣ ትድኛለሽ ስላት፣ ያኔ ሁሉ ታውቅ ነበር?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝና፣ "ይነበብ" አለች።

ሲስተር ጥሩብርሃን ልጆቻቸውን ሠርካለም መሳፍንትንና አክሊሉ መሳፍንትን፣ በደብረ ሲና የሚኖሩ አንድ ወንድማቸውን፣ ሊበንንና ሁለቱን የሰኪና ልጆች፣ እንዲሁም በቋንቋቸው ያነጋገሯቸውን በሽተኞች ትተው ሄደዋል። እኔም ከተተውት አንዱ ነኝ።

ለጠየቀ ሁሉ እውነቱን የማይከለክል አምላክ፣ የአገልጋዩን የሲስተር ጥሩብርሃንን ነፍስ፣ የባለቤታቸውን የአቶ መሳፍንትንና የሰኪናን ነፍስ፣ የሚደበቅ ወሬ በሌለበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን፤ እኔንም ይቅር ይበለኝ። አሜን።